በስምሽ የቆመው ክፍል

ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሴቻ፣ አርባ ምንጭ

ለባለቤቴ ታናሽ እህት፣ ለዋርሳዬ፤

የጌታ ሰላም ካምባ ድረስ ይምጣልሽ። እንዴት ሰነበትሽ? የእናታችን ጉልበት ተሻለው ወይ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ደህና የሆነው ግን ሰውነቴ ብቻ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለካምባው መኪና ሹፌር ሰጥቼዋለሁ።

እህትሽ ካረፈች ጀምሮ የአንደኛ ክፍልን ልጆች የማስተምረው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱ አትክልተኛ ሆኜ እንደገባሁ ታውቂያለሽ። ለአንድ ሳምንት ብዬ ጠመኔዋን አነሳሁ፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ። ትምህርት ቤታችን ኢንተርናሽናል ይባል እንጂ ሁሉ ነገሩ አርባ ሦስት ልጅ ነው፤ የህንዱ ሌክቸረር መንታዎች፣ የኬንያዊው መሐንዲስ ልጅ፣ የቀሩት የእኛው ልጆች። መንታዎቹ በጋሞኛ ሲሰዳደቡ ብትሰሚ ትስቂ ነበር።

መስከረም ላይ የፈቃድ እድሳት ደረሰና ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ዮርዳኖስ የሁላችንንም ማስረጃ ጠየቀች። የእኔ አስረኛ ክፍል ነው። ባለ ዲፕሎማ ከሌለ የታችኛው ክፍል አይፈቀድም፤ እሱ ከሌለ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የለም። እህትሽ እዚህ ልታስቀጥርሽ ብላ ያስቀመጠችውን የዲፕሎማሽን ኮፒ ከሳጥኗ አውጥቼ ሰጠሁ። «ዋርሳዬ እሺ ብላለች፣ እስክትመጣ ክፍሉን እኔ እይዛለሁ» አልኩ። ዮርዳኖስ አመነችኝ። ጸሎት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ የምንቀመጥ ሰዎች ነን።

ልጽፍልሽ ነበር፤ በየሳምንቱ ልጽፍልሽ ነበር። ግን ከለቅሶው በኋላ ሽማግሌዎቹ እህቷ በትዳሩ ትተካት ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔ ሳቀረቅር፣ አንቺም በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ስትሄጂ... ከዚያ ወዲያ በምን ፊቴ?

ባለፈው ረቡዕ የፈቃድ ሰዎቹ መጡ። አንዱ የክፍሉን በር ከፈተና መምህርቷ የት አለች አለ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «መምህርቷ ጋሼ ናቸው!» አሉት። የሳቀ ትልቅ ሰው አልነበረም። ስሟ የሰፈረው ሴት እስከ መጪው ሐሙስ ማስረጃዋን ይዛ ካልቀረበች ክፍሉ ይዘጋል ብለው ሄዱ።

ትናንት ወላጆች ግቢው ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ሲቀላ ሰፈር ሙዝ የምትነግደው ጌጤ ዮርዳኖስን «ልጆቻችን ሙዝ መሰሉሽ እንዴ፣ ሊበላሽ ሲል አውጥተሽ የምትበትኚው?» አለቻት። ዮርዳኖስ መዋሸቴ ገብቷት ነበር፤ ግን ስለ እኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ያኔ ሸማኔው አቶ ካሱ ተነሡ። «እኛ ጋሞዎች ነን፤ ችግር ቤት ሲገባ ጎሜ ያለበት ማነው ብለን እንጠይቃለን» አሉ። አንዱ የደበቀው በደል ለሁሉ ይተርፋል የሚሉትን ነው። አንድ ጎረምሳ አባት «ኧረ አባባ፣ እኛ እኮ ጌታን የተቀበልን ነን» ብሎ አሾፈ። «ጌታ ታዲያ መደበቅ ይወዳል?» አሉት።

እግሬ ራሱ አቆመኝ። አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ጌጤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዮርዳኖስ መሬት መሬቱን አየች። አቶ ካሱ ግን፣ ለእኛ መናገርህ ደግ፣ ስሟን የወሰድክባት ሴት ይቅር ካላለችህ ግን ጎሜው አይለቅህም አሉኝ።

ስለዚህ እለምንሻለሁ፤ በስምሽ ዋሽቻለሁ፤ ይቅር በዪኝ። ብትመጪ ክፍሉ ያንቺ ነው። እኔ ወደ አትክልቴ እመለሳለሁ። ሰው እንዳያወራብሽም ቤቱን ላንቺ ለቅቄ ከምዕራብ ዓባያ፣ ከወንድሜ ቤት እመላለሳለሁ። ካልመጣሽ ዲፕሎማዬ መሰጠቱን አላውቅም ብለሽ ሁለት መስመር ጻፊልኝ፤ ለፈቃድ ሰዎቹ ራሴ እሰጣለሁ። ልጆቹንም ራሴ አሰናብታለሁ።

ያንን ኮፒ ከሳጥኑ ሳወጣ ስለ ልጆቹ ብቻ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ጌታ ያውቃል። ያን ቀን ማቀርቀሬም እምቢ ማለት አልነበረም፤ የእህትሽ አፈር ገና አልደረቀም ነበር።

እግዚአብሔር የእናታችንን ዕድሜ ያርዝም። መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ወደዚህ ቢሆንም፣ ባይሆንም።

የእህትሽ ባል የነበርኩት