ነጭ አባት፣ ቀይ ጫጩት

ጥቅምት 3 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

ቤት ጠረግሁ፣ በርበሬ አሰጣሁ። ከሰዓት ባሌ አዝመራው ሁለት ነጭ አውራ ዶሮ በሣጥን ይዞ ገባ። ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው አለ። የእርሻ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እኔን ሲያገባ እንኳ ፊቱ እንዲህ አልበራም። "ሥጋቸው የኛን እጥፍ ነው" አለኝ። የአንዱን ደረት ዳሰስኩት... አጥንት። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ከማውጣት ሌላ እኔ ምን አውቃለሁ?

ጥቅምት 5

የሰፈሩን ሴቶች ሰብስቦ አስተማረ። ያገሩ አውራ ዶሮ ሁሉ ይወገድ፣ ዘር እንዳይቀላቀል። ነጭ አባት ነጭ ጫጩት ይሰጣል፤ ነጭ ካልሆነ የሌላ ነው። ወይዘሮ ሸጋ በአገውኛ "የልጁን አባት እናትየው ታውቃለች" አለችና ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። አዝመራው የጎንደር ሰው ነው፣ አገውኛ አይሰማም። "ምን አለች?" አለኝ። "እግዜር ይስጥልን አለች" አልኩት።

ቤት ስንገባ "መጀመሪያ ከእኛ ይጀመር" አለ። ቀዩን አውራ ዶሮዬን ማለቱ ነው። እናቴ ስትድረኝ ከአገሬ ከአዘና የሰጠችኝን የቄብ ዶሮ ልጅ...

ጥቅምት 6

ሸጥኩት አልኩት። ቀዩ ከአጥር ወዲያ እትዬ ሰውዳ ጓሮ ነው። ባለሱቋ ጎረቤቴ። "የኔን ጓሮ ደግሞ ማን ይፈትሻል?" አለችኝ። ጠዋት ጠዋት እንስት ዶሮዎቼን በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ቀዩ አሳልፋቸዋለሁ። ኃጢአት ነው? ለንስሐ አባቴስ ምን ብዬ ነው የምናገረው...

ኅዳር 28

ተፈለፈሉ። አሥራ አንድ። ቀይ፣ ገብስማ፣ ወሰራ። ነጭ የለም።

አዝመራው ሲዞራቸው ዋለ። ኋላ ዓይን ዓይኔን እያየ "ብርዱ ይሆን ቀለሙን የለወጠው?" አለኝ። ሊሆን ይችላል አልኩ። ከፋሲካ በኋላ ተቆጣጣሪ ከደብረ ማርቆስ ይመጣሉ፤ ነጭ ካላዩ ወደ ቆላ ያዛውሩኛል ይላል። እንቅልፍ አጥቷል። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን፣ ባሌ ቢያልም ነጭ ዶሮ። ሳቄ ግን ቶሎ ጠፋ። ይህን ያመጣሁበት እኔ ነኝ።

ጥር 16

አንዱን ነጭ ጭልፊት ወሰደው። ነጭ ምን ይሸሸጋል፤ ጭልፊቱ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ሆኖም ይታየዋል። የቀረው መጫር አያውቅም። እህል እስኪሰፈርለት እንደ ሹም ቆሞ ይጠብቃል። እስከ ዛሬ አንድ ቀን ጮሆም አያውቅ።

ሚያዝያ 27

ተቆጣጣሪው መጡ። ጫጩቶቹ አድገው ጓሮውን ሞልተውታል፣ አንድም ነጭ የለ። አዝመራው ላቡ ጠብ አለ። ሰውየው ግን "ቀለም ልይ ብዬ አልመጣሁም። ነጩንም ከነዚህም አንዱን እረዱ፣ ሥጋው ይመዘን" አሉ። አዝመራው አረደ፣ እኔ ገነጣጠልኩ፣ ሚዛኑን እሳቸው ያዙ። ነጩ ላባው ሲነሣለት ምን ቀረው? በደረት ሥጋ የአምስት ወሩ ቀይ በለጠው።

"ይህ ምን ዝርያ ነው?"

ልናዘዝ አፌን ስከፍት አዝመራው ቀደመኝ። "እዚሁ ያሻሻልነው ነው" አላቸው። ተሻሻለ... በኔ አጥር ቀዳዳ። ሰውየው ጻፉ፣ ወጡን በሉ፣ ጣታቸውን ልሰው ሄዱ።

ግንቦት 15

ደብዳቤ መጣ። አዝመራው አይዛወርም። እንዲያውም ተመስግኗል። "የእንጅባራ ቀይ" የሚባለው ምርጥ ዘር ለየቤቱ ይታደል፣ በምትኩ ዝቅተኛው ዝርያ ይወገድ ይላል።

"ከእኛ ይጀመር" አለና ቅጹን ዘረጋ። የቀዩን ልጅ ተረክቤ ፈረምኩ። የሚወገደውስ? አባትየው ቀይ ሊሆን ነው?

"ቀዩን ከእትዬ ሰውዳ ጓሮ አምጪው" አለኝ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ከመጀመሪያው ሳምንት። ነጩ ጮሆ አያውቅም። እኔ በየጠዋቱ በማን ጩኸት የምነሣ ይመስልሻል?"

አፈርኩ። "ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አንቺስ?"

ቀዩን አመጣሁት። የነጮቹ ሣጥን ላይ ወጥቶ ጮኸ፣ ያው እንደ ድሮው። አዝመራው ብዕሩን ቀለም ነክሮ "የተወገደው ዝቅተኛ ዝርያ" የሚለው ላይ ደረሰ። ለወረቀት ዋሽቶ አያውቅም። አሁንም አልዋሸም።

"ነጭ፣ አንድ" ብሎ ጻፈ።