የቢሆነኝ ቤት ማረሻ

ከቡሬ በታች፣ ቆላ
የካቲት 16 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዳኘው ቢሆነኝ፣ ቶሪኖ ከተማ።

እንደምን ሰነበትህ? እኔም እናትህም በሕይወት አለን። አንተ ግን ሞተሃል። ይህን ሳስጽፍ መሪጌታ እጅጉ ብዕራቸውን አስቀመጡና «ቢሆነኝ፣ ለሙት ደብዳቤ አይጻፍም፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ» አሉኝ። ፊደል ያስቆጠሩህ እሳቸው ናቸውና እምቢ ለማለት አልጨከኑም። እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። መራራው ቃል የኔ ነው፤ የለሰለሰ ካገኘህ የሳቸው ይሆናል። ደብዳቤውን ወደ ካርቱም የሚሄድ አንድ ግሪክ ነጋዴ ይወስደዋል፤ ከዚያ በፖስታ ይልክልሃል።

እንዴት እንደሞትህ ልንገርህ።

ከጦርነቱ በፊት መንግሥት መርጦ ወደ ቶሪኖ የላከህ ጊዜ ወናፉ አጠገብ ቆመህ ያልኸኝን አልረሳሁትም። «አባቴ፣ እርስዎ አንድ ማረሻ ቀጥቅጠው ሲጨርሱ ቀኑ ይመሻል። እኔ በአንድ ጀንበር መቶ የሚያወጣ መኪና መሥራት ተምሬ እመጣለሁ» አልኸኝ። ሌላው አባት ለልጁ ስንቅ ይቋጥራል፤ እኔ ማረሻ ቋጠርሁልህ። አያትህ ባዬ ለቡሬ ቀይ አፈር ያወጣው፣ ጀርባው ላይ ጉብ ያለ፣ ሦስት ጭረት ምልክታችን ያረፈበት። እናትህ «ልጁ ብረት ይበላል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ደግሞ ትምህርቱን ጨረሰ ብለን ስንጠብቅህ ከፍተኛው ይቀረኛል ብለህ ጻፍህ፤ ዕቃ መሥራት ብቻ ሳይሆን ዕቃ የሚሠራውን ፋብሪካ ማቀድ ነው አልህ። ከዚያ ጣሊያን መጣ። ልጄ በጠላት አገር ተይዞ ቀረ እያልሁ ለሰው ሁሉ ተናገርሁ። ቀጥቃጭ ብሎ የሚጸየፈኝ እንኳ አዘነልኝ።

ባለፈው ጥር በቡሬ ገበያ አንድ የጣሊያን ሹም ማረሻ ከምሮ ቆመ። አስተርጓሚው እየጮኸ፣ «ጠመንጃውን ያስረከበ አዲስ ማረሻ ይወስዳል! የሠራው የራሳችሁ ልጅ ነው፤ ዳኘው ቢሆነኝ፣ ቶሪኖ ላይ የከፍተኛ ትምህርቱ መመረቂያ ነው!» አለ። እኔም እዚያው ነበርሁ። ስምህን ስሰማ፣ አልደብቅህም፣ ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ አንዱን አነሳሁ። የአያትህ ጉብታ አለ። ገለበጥሁት፤ ሦስቱ ጭረት አሉ። ሌላውን አነሳሁ፤ በሱም አሉ። በሁሉም ላይ አሉ።

ያ ምልክት እንዴት እንደሚመታ አንተ ሳትሆን ማን ያውቃል? ገበሬው ማረሻውን ምልክት ሳይመታበት ይወስዳል፣ አንድ ትልም ያርስበታል፣ ይመልሰዋል። «ሄደልኝ» ካለ እንመታለን። ካላለ ወደ እሳቱ ይመለሳል። ሰው ምልክታችንን የሚያምነው አንድ ጎረቤት አርሶ ስለመሰከረለት ነው። የአንተ መኪና ግን በሬ ሳያየው በሁሉም ላይ መታው። ሰው ይህን በምን ይወቅ?

ክርስትና አባትህ ንብረት ማረሻውን እያገላበጠ፣ «የቢሆነኝ ቤት ምልክት ሐሰት አይናገርም፤ ሰው አርሶበታል ማለት ነው» አለና ውጅግራ ጠመንጃውን አስረከበ። እኔ ከሕዝቡ መሐል ቆሜ አየሁት፤ አላስቆምሁትም። ንብረት ሲሰጥ ያዩ ሌሎቹም ሰጡ።

ጠመንጃው ከወጣ በኋላ የጣሊያን ወታደሮች ወደ ንብረት አገር ሄደው በሬውን ሁሉ ነዱት። የሚከላከል አልነበረም። አሁን ማረሻ አለው፣ በሬ የለውም። ደጃፌ መጥቶ ማረሻውን ወረወረው። «ሰው ቀጥቃጭ ሲልህ እኔ ወዳጄ ነው አልሁ። ልጅህን አቅፌ ክርስትና አነሳሁ። እንካ!» ብሎ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ተመለሰ።

የአርበኞቹ አለቃ ይሄይስም አስጠራኝ። ጠመንጃቸውን በስውር የምጠግን እኔ ነበርሁ፤ ከእንግዲህ ቡሬ አልገባምና ብናገረው ግድ የለኝም። «አባ ቢሆነኝ፣ የሠሩልንን አንረሳም። ግን ሰው አንቱንም ባንዳ እያለ ነው። ወይ ከልጅዎ ነዎት፣ ወይ ከኛ። ሰው በሚሰማበት ቦታ ይለዩ» አለኝ።

በሽንዲ መንገድ ዳር ባለችው ገበያ፣ ዋርካው ሥር፣ ሰው ተሰበሰበ። አያትህ ያወረሰኝን የምልክት ብረት መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አኑሬ በመዶሻ ሰበርሁት። አንዱ ከኋላ «ልጅህስ?» አለ። «ልጅ ነበረኝ፤ ሞቷል» አልሁ።

እናትህ ካሰች ከአጠገቤ ነበረች። ውሸት መሆኑን እያወቀች ደረቷን መታች፤ ለቅሶው ግን እውነተኛ ሆነ። ሰው ተከትሎን መጣና ሐዘን ተቀመጥን። ፍትሐት ይደረግለት ብል መሪጌታ «ቆሞ በሚሄድ ሰው ላይ አልፈታም» አሉ። ንብረትም መጣ። ንፍሮውን ዘግኖ «እግዜር ያጥናህ» አለኝ። በአንተ ሞት ታረቅን።

ጣሊያን ቢበድለኝ ጠላቴ ነው፤ ምን ይደንቃል? አንተ ግን ስንቅ ብዬ በሰጠሁህ ብረት ከዳኸኝ። እናትህ «አስገድደውት ነው» ትላለች። ያስገድዱህ፤ ማረሻውንም ይውሰዱት። ምልክቱን ማን ነገራቸው? ሳትመታው ብትቀር ንብረት ጠመንጃውን አይሰጥም ነበር። ይህን ስታደርግ ተመርቀህ ይሆናል፣ ተጨብጭቦልህም ይሆናል። እኔ ሌሊቱን አስበዋለሁ።

ንብረት የወረወረውን ማረሻ ለጠመንጃ መጠገኛ ልቀጠቅጠው ነበር። መጀመሪያ ግን ክፋቱን በዓይኔ ልይ ብዬ በሰው በሬ አንድ ትልም አረስሁበት። መጥፎ ቢሆን ደስ ባለኝ። ድንጋይ መታ፤ ጫፉ አልተሸረፈም። የኔ ይሸረፋል። ባለበሬው «ሄደ እኮ» አለኝ። ምልክት የሚመታበት ሰዓት ነበር። እጄ ብረቱን ፈለገ፤ ብረቱን ግን ሰብሬዋለሁ።

ምርቃት ጠብቀህ ይሆናል። ሙት አይመረቅም። ነፍስህን ይማር።

ቢሆነኝ ባዬ

መሪጌታ ሊያሽጉት ሲሉ አስቆምኋቸው። አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያ ጫፍ ከእሳት ሲወጣ በምን አቀዝቅዘኸው ነው፣ በውኃ ነው በዘይት? መልሱን በዚሁ ነጋዴ ላክልኝ። ስምህን አትጻፍበት። እናትህ ማንበብ ባትችልም ጽሕፈትህን ታውቀዋለች።