የነጣው መድኃኒት

ሐምሌ ፲፬ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.፣ አንኮበር

ከአልዩ አምባ ገበያ ያመጣሁትን ሰማያዊ የዓይን መድኃኒት ዝናብ አርሶት ነበር። ባለቤቴ አጸደ ይድረቅ ብላ በጋለ ሸክላ ላይ ብታሰጣው እንደ ዱቄት ነጣ።

ዛሬ ጎረቤታችን ድንቄ ዓይኗን የታመመች ልጇን አዝላ መጣች። ነጩን ስታይ፣ «ደብተራ፣ ኖራ ነው የሚሸጡልኝ?» ብላ ጮኸች። ሰው ተሰበሰበ።

«ሰማያዊ ያደረገው በውስጡ ያለው ውሃ ነው። እሳት ውሃውን አስወጣው፤ ብመልስለት እንደ ድሮው ይሆናል» አልኩ።

አላመኑኝም። በፊታቸው ጥቂት ውሃ ጠብ አደረግሁበት፤ ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። ድንቄ በጣቷ ነካ አድርጋው፣ «ያለ እሳት ይሞቃል!» ብላ ደነገጠች። አብሮኝ ቅኔ የተማረው መሪጌታ ገብሬ ደግሞ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ፣ «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» አለ። ሁሉም አማተቡ።

እውነቱን ባላሳያቸው ኖሮ አጭበርባሪ ብቻ እባል ነበር፤ ለአጭበርባሪስ ዋስ አይጠፋም። ድንቄ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ሮጠች። የልጅቷ ዓይን መግል እንደያዘ ነው። መድኃኒቱ እዚህ ፊቴ ተቀምጧል። ይዤላት ብሄድ ውሻ ይለቁብኛል፤ ብተወው ደግሞ ያቺ ሕፃን...