ጫማ ሰፊው ተረት እንዳያወሩ

ወንድም ዓለሜ፣ ከሰላምታዬ አስቀድመህ አንድ ነገር ተረዳልኝ፤ ከአባባ የወረስነው መጽሐፋቸውን እንጂ ተረቶቹን አይደለም።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? ወገብህ ተሻለህ? የባለቤትህ ሳልስ ለቀቃት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ግን ካጣሁ ሰነበትኩ።

የወከልከው ጠበቃ ጽፎ ማኅተም ያሳረፈባቸው ሁለቱም ማስጠንቀቂያዎች ደርሰዋል። አንዱ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ላለው ፎቶኮፒ ቤት ነው። እሱስ የእጁን ነው ያገኘው፤ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር እያባዛ ይሸጣል። ማባዛትና መሸጥ የወራሾች መብት ነው፤ ያለ ፈቃዳችን አይችልም።

ሁለተኛው ግን የደረሰው ለጎረቤታችን ለጫማ ሰፊው ነው። የመጽሐፉን ተረቶች ለልጅ ልጆቻቸው ያለ ፈቃድ ያወራሉ፣ ካላቆሙ ይከሰሳሉ ይላል። አባባ እነዚያን ተረቶች ከማን የሰሙ መሰለህ? ከእኚሁ ሰው አፍ ነው፤ ጫማ እየሰፉ ሲያወሩላቸው። አንተ ያኔ ገና ዳዴ ትል ነበር። ሕጉ የሚጠብቀው አባባ በራሳቸው አባባል የጻፉትን ነው፤ ተረቱ ራሱ የማንም አይደለም። ከተጻፈውም ቢሆን፣ መምህር ምንጩን ጠቅሶ ለትምህርት ጥቂት መስመር ቢወስድ አይከሰስም።

ይህንን ሁሉ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። "የኔ ልጅ፣ አንቺና ማኅተም ከተጣላችሁ እኔ ከማኅተሙ ጋር ነኝ" አሉኝ። ትናንት ደግሞ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው፣ ከተረቶቹ የቀበሮዋን ብቻ ለትንሿ የልጅ ልጃቸው ማውራት ይፈቀድ እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ልስቅ ስል ፊታቸውን አየሁ። ከስተዋል። ወደ ሥራ ቦታቸው መውጣት ትተዋል፤ ልጃቸው እንደነገረችኝ በር በተንኳኳ ቁጥር ፖሊስ ይመስላቸዋል። ልባቸው ደካማ መሆኑን ታውቃለህ። ከሳሽ ሳይመጣ ድንጋጤው እንዳይቀድማቸው እፈራለሁ። በእኛ ስም በተጻፈ ወረቀት አንድ ነገር ቢሆኑ፣ በምን ዓይኔ ልጃቸውን አያለሁ?

ጠበቃው እኔን አይሰማም፤ ውክልናውን የሰጠኸው አንተ ነህ። የፎቶኮፒ ቤቱ ጉዳይ ይቀጥል። የእሳቸውን ግን አንስቻለሁ ብሎ እንዲጽፍላቸው እዘዘው፤ ማኅተሙን እንዳይረሳ።

ባለቤትህን፣ ሁለቱን ልጆችህንና አማትህን አንድ በአንድ ሰላም በልልኝ። ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ።

ከአባባ ቤት፣ ኅዳር ፲፪ ቀን

እኒህ ሰው በሰላም ወጥተው እንዲገቡ፣ ደብዳቤዬ በደረሰህ ቀን መልስህን ላክልኝ።

እህትህ