ያልተረጎምሁት ግማሽ

እሑድ፣ ኖቬምበር 5፣ 2006

የተለየ ነገር የሌለው ቀን። ሊዘንብ አለና ተወው። ኪታ ዳሌት፣ አራተኛ ክፍል፣ ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተማርሁ፣ ሁለቱ ሒሳብ። ልጆቹ ዘንድሮ ወሬኞች ናቸው...

በዕረፍት ሰዓት ርዕሰ መምህሯ ኦስናት ጠራችኝ። የዘንድሮው የሚኽዙር ሥራ የአንተ ነው አለች። ልጆቹ ወረቀቱን ለብቻ፣ ጠርሙሱን ለብቻ እንዲጥሉ፣ የተጣለው እንደገና ለሥራ እንዲውል ማስተማር። በየክፍሉ ለወረቀት አንድ ካርቶን ይቀመጣል። ሲሞላ ከስፖርት አዳራሹ ጀርባ ባለው የሽቦ ቤት ይገለበጣል፣ የጭነት መኪና መጥቶ ይወስደዋል። አምና ጎረምሶች ገብተው ወረቀቱን ስላቃጠሉት ጓጉንቸር ተደርጎበታል። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው። ለእኔ ሰጠችኝ።

ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ? እዚህ ትምህርት ቤት ስምንት ዓመቴ ነው። የምጠራው ከእኛ ከሐበሾቹ ልጆች አንዱ ሲያጠፋ ወይም ወላጅ መጥቶ አስተርጓሚ ሲጠፋ ነበር። ዛሬ ለሌላ ነገር ተጠራሁ።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ስወጣ እትዬ ስሜነሽ ባልዲያቸውን ይዘው ሲገቡ ተገናኘን። የሚያጸዱት ልጆቹ ከወጡ በኋላ ነው። የክፍሌን ካርቶን አይተው "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው ማሐሪዬ?" አሉኝ።

"የወረቀት ነው እትዬ፣ እርስዎን አይመለከትም" አልኋቸው። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 14

ጥሩ ትምህርት ነበር። የክፍሉን ቆሻሻ ጋዜጣ አንጥፌ ዘረገፍሁት። አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሣን አየን። ግማሹ የተበላ ዳቦ... የሾኮ፣ የቸኮሌት ወተት፣ ከረጢት... ሦስት ገጽ ብቻ የተጻፈበት ደብተር።

"ይኼ ሁሉ የት ይሄዳል?" አልሁ።

"ወደ ፓሕ" አለ ናዖር፣ ወደ ቆሻሻ ገንዳው ማለቱ ነው።

"ከፓሕ በኋላስ?"

ቆሻሻውን ተከተሉት፣ ከእጃችሁ ስለወጣ አላለቀም አልኋቸው። የሚያጠፋ ካያችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ፣ ትልቅ ሰው ቢሆንም።

ሆዲያ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደብተሯ ላይ ጻፈቻት። አሥር ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የተባለችውን የማትረሳ። እንዲህ ያለ ተማሪ ማን ይጠላል?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 20

ስግድ፣ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው በዓል። ኢየሩሳሌም ዋልን። እትዬ ስሜነሽ ነጭ ለብሰው ከሮቫ ጊሜል ሰፈር ጎረቤቶቻቸው ጋር ቆመው አገኘኋቸው። እጄን ይዘው "ይኼ ማሐሪ ነው፣ እኔ የምሠራበት ትምህርት ቤት መምህር ነው፣ የእኛው ልጅ" እያሉ ለሁሉም አሳዩኝ። ወደዚህ ስንመጣ ሱዳን የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የእናቴ ጎረቤት ነበሩ። እኔ አላስታውሳቸውም፣ እሳቸው ግን ያስታውሱኛል።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 7

ከሰኞ እስከ ረቡዕ ቴል አቪቭ፣ የመምህራን ሥልጠና። ዛሬ ስመለስ ሆዲያ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"መምህር፣ ያዝኋት" አለች።

ደብተሯን ከፈተች። ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ለሥዕል ቆይታ በመስኮት አይታለች። "ጽዳቷ ሴትዮ የአራት ክፍል ወረቀት ከቆሻሻው ጋር ትልቁ ፓሕ ውስጥ ጨመረች።" ሰዓቱን ሳይቀር ጽፋለች። ረቡዕም አንድ መስመር አለ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ትልቅ ሰው ቢሆንም ብለሃል።"

ብያለሁ። ምን እንደምላት ሳስብ ደብተሯን ይዛ ወደ ኦስናት ቢሮ ሄደች። ኦስናት አቀፈቻት። ለቀብላኑ፣ ጽዳቱን ለሚያሠራው ተቋራጭ፣ ወዲያው ደወለች።

ሦስቱን ቀን ቁልፉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ቴል አቪቭ። ይኼ ትዝ ያለኝ አሁን ስጽፍ ነው? ወይስ ጠዋትም አውቄው ነበር?

እሑድ፣ ዲሴምበር 10

ኦስናት ቢሮ ተሰበሰብን። ኦስናት፣ የቀብላኑ ሰው፣ እትዬ ስሜነሽ፣ እኔ። ሦስታችን ተቀምጠናል። እሳቸው ቆመዋል። ወንበር ነበረ... ተነሥቼ አልሰጠኋቸውም።

"ለምን እንደደባለቀችው ጠይቃት" አለች ኦስናት።

ጠየቅኋቸው። ረጋ ብለው መለሱ። "ካርቶኖቹ ሞልተው ወረቀቱ ወለል ላይ ፈሰሰ። ሰብስቤ ወደ ሽቦው ቤት ወሰድሁት፣ ተቆልፏል። ሰኞም ማክሰኞም ተመላለስሁ። ቁልፉ አንተ ዘንድ ነው፣ አንተ የለህም። ይኼ ሰውዬ ደግሞ ወለል ላይ ነገር ካየ ይጮህብኛል። የት ላድርገው ልጄ?"

"ምን አለች?" አለች ኦስናት።

"ካርቶኑ ሞልቶባት ነው ትላለች" አልሁ። "አላወቀችም።"

እንዲህ ነው ያልሁት። ስለ ቁልፉ አንድ ቃል አልተነፈስሁም።

እትዬ ስሜነሽ ዕብራይስጥ አይናገሩም እንጂ ይሰማሉ። አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወለሉን አዩ። ሰውዬው ሌላ ሠራተኛ እንልካለን አለ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ለምን? የተሰጠውን ሥራ አበላሸ እንዳልባል? ሌላ ምክንያት ፈለግሁ። አጣሁ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 11

አዲሷ ጽዳት መጣች። ስሟን አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 19

የሐኑካ በዓል ዕረፍት። ቤት ውስጥ ዋልሁ። ባለቤቴ ንግሥቴ "ሰሞኑን ምን ሆነሃል?" አለችኝ። ነገርኋት። ልብስ እያጣጠፈች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"እሳቸው ቤት ሄድህ?"

"አልሄድሁም።"

"ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?"

ልብሱን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 3፣ 2007

ለኦስናት ተናገርሁ። የቁልፉንም፣ የትርጉሙንም። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች።

"ያኔ ለምን አልነገርኸኝም?"

እዚያው ፊቴ ለቀብላኑ ደወለች። በቦታዋ ሰው ገብቷል፣ እሷም ዝርዝራችን ውስጥ የለችም አሏት። ስልኩን ዘጋችና "ከእጄ ወጥቷል ማሐሪ" አለች። ከቢሮ እስክወጣ ቀና ብላ አላየችኝም።

ወር ሊሞላው ምን ቀረው። በዚያው ቀን ብናገር ኖሮ...

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 12

ሄድሁ። ሮቫ ጊሜል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው ሕንጻ። ደረጃው ሥር ሆዲያ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ተቀምጣለች። ለካ አንደኛ ፎቅ ነው ቤታቸው። ጎረቤት መሆናቸውን አላውቅም ነበር። አየችኝ፣ ወደ ላይ ስወጣም አየችኝ። የት እንደምሄድ ገብቷታል።

እትዬ ስሜነሽ ግባ አላሉኝም፣ አትግባም አላሉኝም። በሩን ለቀቁልኝ። ሻይ ሰጡኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ግማሹ ጠፋብኝ።

"ሥራው አይደለም" አሉ። "ሥራ እፈልጋለሁ፣ እጄ ደኅና ነው። አላወቀችም አልህ። እኔ ዐውቅ ነበር። ወረቀቱ ለብቻ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ልጆቹ የሚያደርጉትን አይቼ ዐወቅሁ። አንተም አልነገርኸኝ። ሁለት ቀን ተሸክሜ የተመላለስሁት ስለማውቅ ነው።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ።"

ብርጭቆውን ከፊቴ አነሡ። ሻዩ አላለቀም ነበር።

"ታች ያለችው ልጅ ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ግድግዳውን ተጠግታ ታልፋለች። ድሮ ቦርሳዬን ትቀበለኝ ነበር። ለእሷ ቆሻሻ የምደባልቅ ሴትዮ ነኝ። እኔን ምን ትለምነኛለህ? ለእሷ ንገራት።"

እሑድ፣ ጃንዋሪ 21

ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። በየጠዋቱ ዛሬ እላለሁ፣ በየጠዋቱ የሒሳብ መጽሐፍ እከፍታለሁ።

ዛሬ መጽሐፉን ዘግቼ ቆምሁ። ካርቶኖቹ የሞሉ ጊዜ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር አልኋቸው። እትዬ ስሜነሽ ወረቀቱን ይዘው ሄደው ተቆልፎባቸዋል። ይህንኑ ለርዕሰ መምህሯ ሲናገሩ የተረጎምሁት እኔ ነበርሁ፣ ግማሹን ዋጥሁት። በዚህ ምክንያት ሥራቸውን አጡ።

ናዖር "ለምን ዋሸህ?" አለ። እንዲሁ፣ ሰዓት እንደሚጠይቅ።

"ፈርቼ" አልሁ።

ሆዲያ እጇን አወጣች። "እኔ የጻፍሁትስ ውሸት ነው?"

"ያየሽውን ነው የጻፍሽው። ውሸቱ የእኔ ነው።"

"እኔ ግን ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም" አለች። "ከመስኮቱ ወርጄ መጠየቅ እችል ነበር።"

ልጅቷ ያልሠራችውን ጥፋት ከእኔ ፈጥና ተቀበለች። ትልቅ ሰው ቢሆንም ተናገሩ አልኋቸው እንጂ አስቀድማችሁ ጠይቁ ብዬ አላስተማርኋቸውም። ያ ትምህርት ጥሩ መስሎኝ ነበር...

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 1

ለዛፎች በዓል ወላጆች መጡ። የወረቀቱ ክምር ተመዘነ፣ ተጨበጨበ። ኦስናት የኪታ ዳሌትን ልጆች አመሰገነች፣ የእኔን ስም አላነሣችም። ትክክል ነች። ሥራው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለሌላ መምህር ተሰጥቷል።

ሆዲያ መድረክ አልወጣችም። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ሰኞ፣ ማርች 12

ጠዋት ፌርማታው ላይ እትዬ ስሜነሽን አገኘኋቸው። ሮቫ ሔት አንድ ክሊኒክ ሥራ አግኝተዋል። ሁለት አውቶቡስ ነው፣ ከንጋቱ በፊት ከቤት ይወጣሉ። የድሮው ሥራቸው በእግር አሥር ደቂቃ ነበር።

"ልጅቱ መጥታ ነገረችኝ" አሉ። "በር አንኳኩታ፣ ቆማ፣ አልቅሳ ነገረችኝ። አሁን ቦርሳዬን ትቀበለኛለች። ለልጆቹ ነግረዋቸዋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ነግረዋቸዋል... ጆሮዬን ተጠራጠርሁ።

"እትዬ፣ እንዴት እኔን እርስዎ ይሉኛል?"

"መምህር አይደሉ?" አሉ። ቁጣ የለበትም። ሽሙጥም የለበትም። ለማያውቁት ሰው እንደሚናገሩት፣ በአክብሮት።

አውቶቡሳቸው መጣ። ቦርሳቸውን ላግዝ እጄን ዘረጋሁ። "ይተዉት፣ ቀላል ነው" ብለው ወጡ። በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፣ ወደ ፊት እያዩ።

ማሐሪዬ ይሉኝ ነበር።