የጠበቅከው ሮኬት የወጣ ቀን

የኔ ኢድሪስ፣ የአላህ እዝነት ባለህበት ይድረስህ።

ጂዳ ሥራ ላይ ሳለህ ልብህ ቀጥ ካለች ስድስት ወር ሞላ። መቃብርህ ድረስ መጥቼ እንዳላወራህ፣ እዚህ መካ ሴት መቃብር እንደማትገባ አንተው ታውቃለህ። ወንዶቹ ጀናዛህን ይዘው ሲወጡ ከበር ላይ ነው የተለየሁህ። ታዲያ ሆዴ ውስጥ የተጠራቀመውን ወረቀት ላይ ካልሆነ የት ወስጄ ልድፋው? ደግሞ የግድ የምነግርህ ነገር አለ። ያ ዛሬ ነገ እያለ ዓመታት ያንገበገበህ፣ ሰዎች የሚጫኑበት ትልቁ ሮኬት ወጥቷል።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ። ሰፈራችን ሩሰይፋ ያው እንደምታውቃት ናት። የሳሎኑ ኤሲ ውሃ ማንጠባጠብ ጀምሯል፤ የኤሲ ሠራተኛ ሚስት ሆኜ ከሥሩ ባልዲ ደቅኛለሁ። ሌላ ሰው እንዲነካካው አልፈለግኩም። ዒዳዬን፣ የሐዘን አራት ወር ከአስር ቀኔን፣ ከበር ሳልወጣ ጨርሼ ወደ ልብስ ስፌቴ ተመልሻለሁ። የከበደኝ ግን ከበር አለመውጣቱ አልነበረም፤ ከእናትህ ጋር ብቻችንን መቅረታችን ነው። አንተ ሐሙስ ሐሙስ ከጂዳ እስክትመጣ እኔና እሷ ከጨውና ከስኳር ያለፈ ወሬ አልነበረንም። ስትመጣ ደግሞ በአንተ በኩል ነበር የምንነጋገረው። እኔ ከፊቷ ተቀምጬ፣ ሻዩ ስኳር በዝቶበታል በላት ትልህ ነበር።

አንተ ከመሀል ስትወጣ ቤቱ ጭጭ አለ። ወንድሜ ሰዒድ ከከሚሴ እየደወለ፣ ዒዳሽ ሲያልቅ ነይ፣ ከሰው እናት ጋር ምን ታደርጊያለሽ ይለኛል። አልዋሽህም፣ በልቤ እሺ ብዬ ነበር። ወላሂ፣ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር አውጥቼ አቧራውን ሁሉ ጠርጌዋለሁ።

የተጋባን ሰሞን ትዝ ይልሃል? ጂዳ፣ በኒ ማሊክ ካለችው የኪራይ ክፍልህ ደውለህ፣ ነገ አራት ሰዓት ላይ ሮኬት አለ፣ አንቺ እዚያ እኔ እዚህ ሆነን አብረን እናያለን አልከኝ። እኔ የከሚሴ ልጅ አራት ሰዓት ሲባል ረፋድ ነው የማውቀው። ረፋዱን ስልኬ ላይ አፍጥጬ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ስደውልልህ አንተ የሰው ጣሪያ ላይ ኤሲ ፈትተህ ፀሐይ ላይ ነህ። መካ ተወልዶ ያደገ ሰው አራት ሰዓቱ የዐረብ አራት፣ ከቀትር በኋላ መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። ሳቅህ ከጣሪያው ያወርድሃል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም ትነግረኝ ጀመር፤ በሀበሻ አስር፣ በዐረብ አራት። ስንቱን እንዲያ አየን። ምስሉ አንተ ጋ ቀድሞ ይደርስና፣ የእኔ ገና እየቆጠረ በስልክ ወጣ ወጣ ብለህ ታበላሽብኛለህ። እበሽቅ ነበር። አሁን ያ መብሸቅ ራሱ ናፈቀኝ።

ትልቁ ሮኬት የወጣው ከሞትክ በሦስተኛው ወር፣ ገና ዒዳ ላይ ሳለሁ ነው። ለሐዘን የመጡት የጎረቤት ሴቶች ከቁርአን ያሲንን ቀርተው፣ ሻይ ጠጥተው ገና መሄዳቸው ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት በዒዳዋ ሮኬት ስታይ ብትገኝ ምን ይባላል? ኪታብ ላይ ይከልከል አይከልከል አላውቅም፤ የሰው አፍ ግን አውቃለሁ። የእናትህ ደግሞ ይብሳል። የአላህን ሰማይ ምን አስነካካቸው፣ ልጄንም ከሰው ለይቶ ያስቀረው ይሄ ብረት ነው ስትል ነው የኖረችው። ስለዚህ ማዕድ ቤት ገብቼ፣ ድምፁን አጥፍቼ፣ ስልኩን የሩዙ ቆርቆሮ ላይ አስደገፍኩት።

ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቆጠራውን አቆሙት። ስንቴ እንዲህ እያደረጉ ነው ያስተላለፉብህ። ያረቢ፣ ዛሬስ ይውጣለት አልኩ። ዘወር ስል እናትህ በሩ ላይ ቆማለች።

ልትቆጣ ነው ብዬ ስልኩን ልሸሽግ እጄን ሰደድኩ። ተይው አለችኝ። ኢድሪስ ሲጠብቀው የነበረው ይሄ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ነው አልኳት። ውስጡ ሰው አለ ወይ አለች። አለ አልኳት። እናት አላቸው ወይ አለችኝ። ይሄን እኔ ከየት አውቃለሁ፤ አያጡም አልኳት። የፕላስቲክ በርጩማውን ስባ ከጎኔ ተቀመጠችና ድምፁን ክፈቺው አለች፣ ከሁለታችን እንግሊዝኛ የሚሰማ ያለ ይመስል።

ቆጠራው ሲቀጥል ቁጥሩን ከስልኩ ላይ እያየን፣ እሷ በዐረብኛ እኔ በአማርኛ አብረን ቆጠርን። አምስት ላይ ስንደርስ ድምፅዋ ጠፋ። ዞሬ አየኋት። ጀናዛህ ሲወጣ፣ ሰብር ነው፣ ትዕግሥት ነው ብላ አንድ ዘለላ እንባ ያላፈሰሰችው ሴት የሂጃቧን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ትንሰቀሰቅ ነበር። አንጀቴን በላችኝ። አቀፍኳት። ስድስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረን አቅፌያት አላውቅም፤ እንዲህ ከሲታ መሆኗንም ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሁለታችንም እስኪወጣልን አለቀስን። ቀና ስንል ስልኩ ላይ የቀረው ጢሱ ብቻ ነበር፤ ሰዎቹ ያጨበጭባሉ።

ስለዚህ እሳቱ እንዴት እንደነበር አትጠይቀኝ። አላየሁትም። ያን ያህል የጠበቅከውን ነገር ሳላይልህ ቀረሁ፤ እናትህን ይዤ ነበር። ትቀየመኛለህ ብዬ ግን አላስብም። ሰዎቹ በሰላም መመለሳቸውን በኋላ በዜና ሰምተን አልሐምዱሊላህ ብለናል።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናትህ ታወራኛለች። በሦስት ዓመትህ በመግሪብ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ጠፍተህ፣ ጣሪያ ላይ በጀርባህ ተንጋለህ ሰማይ ስታይ እንደተገኘህ ነገረችኝ። እኔም በኒ ማሊክ እንዴት ትኖር እንደነበር፣ ምን ያስቅህ እንደነበር እነግራታለሁ። ከእኔ በፊት የነበርከውን እሷ ታውቃለች፤ ከእሷ ርቀህ የኖርከውን እኔ።

ሰዒድ ባለፈው ጁምዓ ሲደውል አልመጣም አልኩት። አበድሽ ወይ አለኝ። አላበድኩም። ላልረሳህ ቃል ገብቻለሁ፣ ብቻዬን ግን የማውቅህ ግማሽህን ነው። ብሄድ ግማሽህን እዚህ ጥዬ ነው የምሄደው።

ሚስትህ ዘሃራ