ዳገት ሲያይ የሚቆም ፈረስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

መብራት የለም። ፋርማሲው ውስጥ ቀኑን ሙሉ በስልክ መብራት መድኃኒት ስንፈልግ ዋልን። አንዲት እናት "ልጄ፣ ያንን ቢጫውን ስጪኝ" አሉኝ። የቱን ቢጫ? ግማሹ መደርደሪያ ቢጫ ነው...

ቤት ስደርስ ግቢያችን ውስጥ ፈረስ! ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ አንገቱ ላይ የተበጠሰ ገመድ። እማዬ የተከለችውን እንሰት ቅጠል ረጋ ብሎ ይበላል። የወለደችውን እህቴን ልታርስ ዱራሜ ባትሄድ ኖሮ ዛሬ ጉድ ይፈላ ነበር። አባዬ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ጡረታ ወጥቶም መምህርነቱ አልለቀቀውም፣ አርፍዶ የመጣ ተማሪ ነው ያስመሰለው።

"በሩ ክፍት ነበር፣ ገባ" አለኝ። "እንግዳ ነው። ውሃ ስጪው።"

ውሃ ከመስጠቴ በፊት ፎቶ አነሳሁት። ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከነገመዱ። ቀጥታ የሆሳዕና መወያያ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ። ስምንት ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ነው። ሰፈራችንን ጻፍኩ፣ የበራችንን ቀለም ጻፍኩ፣ የአባዬን ስልክ ቁጥር ጻፍኩ (እኔ ሥራ ላይ አላነሳማ)። መጨረሻ ላይ "ባለቤቱ ካልመጣ ጋሪ እንገዛለን!" አልኩ።

የሳቀው ሰው ብዛት! ግሩፑ ላይ እንደ ዛሬ ታዋቂ ሆኜ አላውቅም። ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

የአባዬ ትንሿ ስልክ ከጠዋት ጀምራ አላረፈችም። አንዱ "ስንት ትሸጡታላችሁ?" ሌላው "አባባ፣ እስቲ ፈረሱን ራሱን ያገናኙኝ።" አንዷ ሰፈራችን ውስጥ የሚከራይ ቤት ካለ ብላ ጠየቀች። አባዬ ለሁሉም "እሺ ልጄ፣ ተባረክ... ተባረኪ" ይላል። አንዱ ደግሞ "ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን በመልእክት የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ" አለው። አባዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? "መጀመሪያ አንተ የፈረሱን ምልክት ንገረኝ።" ሰውዬው ዘጋው። በሳቅ ሞትኩ።

በኋላ ግን... ቁጥሩን ቢያነብለትስ ኖሮ? የአባዬን ስልክ ቁጥር ለሌባው የሰጠሁት እኔ አይደለሁ?

አመሻሽ ላይ ውሃ ልናጠጣው ወንዝ ወሰድነው። ስንመለስ ዳገቱ ግርጌ ቆመ። ገመዱን ብስብ፣ ወይ ፍንክች! አንገቱን አዙሮ ወደ ኋላ ያያል። ትንሽ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ወጣ። ሁለተኛው ዳገት ላይም እንደዚያው። በቪዲዮ ቀረጽኩት። "ሰነፉ ፈረስ" ብዬ ልለቅ ስል አባዬ መዳፉን ስልኬ ላይ አደረገ።

"ይህቺን እንኳ ለእኛ አስቀሪያት።"

"ምን ችግር አለው?"

"ሁሉን ከነገርሻቸው ሲመጡ ምን ብለሽ ትጠይቂያቸዋለሽ? ማራኪ ልጄ፣ ይሄ የጋሪ ፈረስ ነው። የሆነ ሰው ዛሬ እንጀራው ጠፍቶበት ነው የዋለ። ለማይሆን ሰው ከሰጠነው አለቀለት።"

አኮረፍኩ። እንዴት ያለ ቪዲዮ ነበር...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ባለቤቱ መጣ! ማለቴ... መጣ ብዬ ነበር።

ከሥራ ስገባ በር ላይ ቆሟል። ጥቁር ጃኬት፣ ሽቶ፣ አዲስ ገመድ በእጁ ይዞ። "ዳማ ነው፣ ግንባሩ ነጭ ነው፣ ገመዱ እዚህ ጋ ተበጥሷል" እያለ ሊያለቅስ ደረሰ። እኔም አብሬው ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ፈረሱን ፈታሁለት። አባዬ ከቤት ወጥቶ ሰላምታ ሰጠው፣ ጤንነቱን ጠየቀው፣ የልጆቹን ጤንነት ጠየቀው፣ ከዚያ በዝግታ "ለመሆኑ ዳገት ላይ እንዴት ነው?" አለው።

"ዳገት? ኧረ ጋሼ፣ እንደ መኪና ነው! ዳገት ሲያይማ ይብስበታል!"

"እንግዲያውስ ያንተው ሌላ ነው ወንድሜ። ጌታ ያግኝልህ።"

ሰውዬው ትንሽ ጮኸ፣ ትንሽ ዛተ፣ ሄደ። ሽቶው ግን ግቢው ውስጥ ቀረ። ለካስ የነገረኝ ሁሉ እኔው በለጠፍኩት ፎቶ ላይ ያለ ነው! የራሴን ወሬ መልሶ ሸጠልኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

አባዬ ለቅሶ ሄዷል። ሌላ ሰው መጣ፣ ከዳምቦያ። ኤፍሬም እባላለሁ አለኝ። ጫማው ጭቃ በጭቃ። ፈረሱን ዞሮ ዞሮ አየው። "የኔ ይመስላል... ግን እንጃ። የኔው ነጩ ሰፋ ይላል መሰለኝ። ነገ ልጄን ይዤ ልምጣ፣ ከኔ ይልቅ እሷ ትለየዋለች።"

የራሱን ፈረስ የማያውቅ ሰው አለ? እኔ ደግሞ አንዴ ተሸውጃለሁ፣ ሁለተኛ አልሸወድም! ሲወጣ ከበሩ ኋላ ሆኜ ፎቶ አነሳሁት። "ይህን ሰው ተጠንቀቁት! የፈረስ ሌባ ነው!" ብዬ ለጠፍኩ። ሕዝብ አዳንኩ። አሁን ደስ ብሎኝ ልተኛ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ምነው እጄን በቆረጠው።

ጠዋት ስልኬን ስከፍት ከፎቶው ሥር አንዲት ልጅ ጽፋለች። ትዝታ ትባላለች። "ይሄ አባቴ ነው። ጤና ጣቢያ ነው የሚሠራው። ፈረሳችን ከጠፋ ሳምንት ሆኖታል። አባቴ ሌባ አይደለም።" እሷ ከጻፈች በኋላም ስድቡ አልቆመም። ስለ ጫማው ሳይቀር ቀለዱ። ስሞቹን አየኋቸው... ሰኞ ዕለት ለኔ የሳቁት ናቸው።

አድሚኑ ትንሣኤ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው፣ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። "ማራኪ፣ አጥፍቼዋለሁ። ግን ስክሪን ሾት አንስተውታል። ዳምቦያዎች ግሩፕ ጋ ደርሷል።"

"አሁን ምን ላድርግ?"

"እኔ ፖስት ነው የማጠፋው። ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ከጣት የወጣስ? ዳምቦያ ገባ እኮ! ሰውዬው እንጃ ያለው ላለመዋሸት ነበር። ያንን ባለሽቶውን አምኜ ፈረስ ስፈታለት ይሄን እውነተኛውን... አፈርኩ። ኤፍሬምም ልጁን ይዞ አልመጣም። ምሳ አልበላሁም። ለአባዬም አልነገርኩትም። እንግዳውን ፈረስ ሣር ሳበላው ፊቱን ማየት እንኳ ከበደኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ለአባዬ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ምናለ ቢቆጣኝ!

ከስብከቱ በኋላ እንደ ሁልጊዜው ማስታወቂያ አነበበ። ስንት ዓመት ያነበበው ሰው! "አንድ የጋሪ እንስሳ ቤታችን ገብቷል። የጠፋበት ምልክቱን ይዞ ይምጣ።" በቃ። ፈረስ እንኳ አላለም! ስንወጣ አንዲት እናት "ጋሽ አክሊሉ፣ ፍየል ይሆን?" አሉት። "የጋሪ ፍየል አላየሁም እህቴ" አላቸው። ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ቤት ስንደርስ "ደውዬ ይቅርታ ልበለው?" አልኩት።

"ትደውያለሽ። ግን በአደባባይ ሰድበሽ በጓዳ ይቅርታ አይሆንም። እዚያው የሰደብሽበት ቦታ ነው።"

ጻፍኩ። አነበብኩለት። "አጥፍቻለሁ፣ ግን እኔም ተታልዬ ስለነበር..."

"ግን የምትለዋን አውጫት።"

አወጣኋት። ያለ ግን በጣም አጭር ሆነች። "ዓርብ ዕለት ፎቶውን ለጥፌ ሌባ ያልኩት ሰው ሌባ አይደለም። ፈረስ የጠፋበት እውነተኛ ሰው ነው። ሳላጣራ ስሙን አጠፋሁ። እሱንና ቤተሰቡን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፎቶው ያላችሁ እባካችሁ አጥፉ።" ትንሣኤ ዳምቦያዎች ግሩፕም ላይ አደረሰልኝ። የአባዬን ቁጥርና ሰፈራችንንም ከሰኞው ፖስት አስወጣሁ። ኤፍሬም ዓርብ ሰጥቶኝ በሄደው ቁጥር ስደውል አልተነሣም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ደወለ! ኤፍሬም ራሱ!

"እህቴ፣ ባለቤቴ ፎቶው ጥሩ ወጥቷል ብላለች። ጽሑፉ ነው እንጂ የከፋው።" እኔ ማልቀስና መሳቅ ተምታታብኝ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "እኔስ ትልቅ ሰው ነኝ። ልጄ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ስቀውባታል። ለሷ ንገሪያት።"

ስልኩን ለትዝታ ሰጣት። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ይቅርታዬን ጨርሳ ሰማችኝና "ከእንግዲህ ሰውን ሳትጠይቂ ፎቶውን አትለጥፊ" አለችኝ። እንደ አስተማሪ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ፈረሱ የእነሱ እንዳልሆነ ግን ታወቀ። አባዬ ስልኩን ተቀብሎ ዳገቱን ጠየቃት። የነሱ ፈረስ ዳገት ላይ ቆሞ አያውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ጎረቤታችን ባለሱቁ ፈትሁዲን የአባዬን ማስታወቂያ መስጊድ ወስዶ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አስነገረ። "ጋሼ፣ ፈረስ ነው ልበል?" ቢለው አባዬ "እንስሳ በል" አለው። ወይ አባዬ! እንግዳው አንድ ሙሉ እንሰት ጨርሷል። እማዬ ስትደውል "እንሰቱ ደህና ነው?" አለች። ደህና ነው አልኳት...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

መጣ። እውነተኛው።

ናስረዲን ይባላል። እስከ ጉልበቱ አቧራ። አገሩ ቦኖሻ ነው፣ ጋሪ የሚነዳው ግን እዚሁ ሆሳዕና ነው። ፈረሱ ሲጠፋ ወደ አገሩ የሄደ መስሎት እየጠየቀ ቦኖሻ ድረስ ወረደ። ትናንት መስጊድ የሰማ ወዳጁ ደወለለት። የኛን ግሩፕ አያውቀውም። ስልኩ ከአባዬም ስልክ ታንሳለች! ያ ሁሉ ስምንት ሺህ ሰው... እሱ ግን ከመሃላቸው የለም።

አባዬ ከበሩ ውጭ ሰላም አለው፣ አስቀመጠው። ፈረሱ ጓሮ ነው፣ አይታይም።

"ምልክቱ ምንድን ነው ወንድሜ?"

"ዳማ ነው። ግንባሩ ነጭ ነው። ይሄን መቼስ ማንም ያየዋል..." እጁን አሻሸ። "ዳገት ሲደርስ ይቆማል።"

እኔና አባዬ ተያየን።

"ለምን ይቆማል?" አልኩት። አላስቻለኝም።

"እኔን እየጠበቀ ነዋ። ዳገት ላይ እንዳይከብደው ወርጄ በእግሬ ነው የምወጣ። እስክወርድለት ይቆማል። ስወርድ ዞር ብሎ ያየኛል፣ ከዚያ ይሄዳል።"

እኔ ደግሞ ሰነፉ ፈረስ ልለው ነበር! ለስምንት ሺህ ሰው! እነዚያን ቀናት ሁሉ ዳገቱ ግርጌ ቆሞ ዞር ዞር ሲል... ናስረዲን እስኪወርድለት እየጠበቀ ነበር። ቪዲዮውን ለቅቄው ቢሆን ባለሽቶውም ይሄንኑ ሰምቶ ይመጣ ነበር። ዛሬ ናስረዲን ባዶ እጁን ይመለስ ነበር።

ጓሮ ሲገባ ፈረሱ የእንሰቱን ቅጠል ከአፉ ጣለ። ናስረዲን ግንባሩን ፈረሱ አንገት ላይ አስደግፎ ቆየ። አለቀስኩ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ፎቶ ማንሳት ትዝ ያለኝ ከሄዱ በኋላ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

እማዬ መጣች። እንሰቱን አየች። የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ናስረዲን አንድ ፌስታል በርበሬ ይዞላት ሲመጣ ግን ዝም አለች። በርበሬው ጥሩ ነው።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ መንገድ ላይ አገኘኝና ጋሪው ላይ ጫነኝ። ዳገቱ ጋ ስንደርስ እንግዳው ቆመ። ናስረዲን ወረደ። እኔም ወረድኩ።

"አንቺ ተቀመጪ፣ አትከብጂውም።"

"ግድ የለም" አልኩት። ፈረሱ ሁለታችንንም አየን፣ ከዚያ ሄደ።

ቤት ስገባ ግሩፑ ላይ አንዲት ሴት "የፋርማሲ ሠራተኞች ስልካቸውን እንጂ በሽተኛ አያዩም" ብላ ጽፋለች። ደሜ ፈላ። ቁጭ ብዬ መልስ ጻፍኩላት። ረጅም! እናቷን ብቻ ነው ያልነካሁት። ልልክ አውራ ጣቴን አነሣሁና... ቆምኩ።

አባዬ ከጋዜጣው ቀና አለ። "ምን እየጠበቅሽ ነው?"

"እስክወርድ ነው" አልኩት።

ሳቀ። መነጽሩን እስኪያወልቅ ድረስ ሳቀ። የጻፍኩትን ሁሉ አጠፋሁና "እህቴ፣ ምን ገጠመሽ? በውስጥ መስመር ንገሪኝ" ብዬ ላክሁ። ለልጇ ሽሮፕ ልትገዛ መጥታ ረጅም ሰዓት ቆማ ነው ለካ። ነገ ጠዋት ትመጣለች። ስልኬን መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ ነው የምጠብቃት።

የኤፍሬም ፈረስ ግን እስካሁን አልተገኘም። ናስረዲን ለባለጋሪዎቹ ሁሉ "እንስሳ ጠፍቷል" ብሎ ነግሯል። ምልክቱን ትዝታ በስልክ ነገረችኝ። ደስ የሚል ምልክት ነው፣ ሲሰሙት ያስቃል። እዚህ ማስታወሻዬ ላይ እንኳ አልጽፈውም።